ስንት ዓይነት መጥፋት አለ

ኮልፌ፣ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአምሐ አባት፣ ለአቶ ደመቀ፤
ቢቸና

ጤናህን የምትጠብቅልህ ሌላ ሴት ስላለች ስለ ጤናህ አልጠይቅም፤ ግን ይስጥህ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ስትሄድ ስሜን እንኳ መጻፍ የማልችል ሴት ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ድሮ እርስዎ እልህ ነበር፤ ከሄድክ ወዲህ አንተ ሆነሃል፤ ቅር አይበልህ።

ወንድምህ ቀለመወርቅ መልእክትህን አድርሷል። ያቀረብኩለትን ጠላ እየጠጣ፣ «ደመቀ ልጁ ሞቷል ብሎ ቆርጧል። አንቺም እርምሽን አውጪ፣ ለቅሶ ተቀመጪ ብሏል» አለኝ። «ሬሳውን ያየ አለ?» ብዬ ብጠይቀው አንገቱን ደፋ።

አምሐ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ቀበሌ ጠርተው የነገሩኝ «ልጅዎ ጠፍቷል» ብለው ነው። «ምን ዓይነት ጠፋ? ከድቶ ጠፋ ነው ወይስ ሞቶ ጠፋ?» አልኩ። ጸሐፊው «እማማ፣ ጠፍቷል ነው የተባልነው» ብሎ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ላምም ይጠፋል፣ መብራትም ይጠፋል፣ ሰንብቶ የመጣ እንግዳም «ምነው ጠፋህ» ይባላል። አንተ መብራቱን መረጥክ። እኔ ልጄ እንግዳው ነው ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ። ከዳተኛ ቢሉትም ይበሉት፤ ከዳተኛ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል።

ሌላ ወግ የለኝምና ስለ ቴሌቪዥን ልንገርህ። ጎረቤቶቼ ደበላና ዋጋነሽ ቴሌቪዥን ገዝተዋል። ሐሙስ ሐሙስ በሰማይ መርከብ ከኮከብ ኮከብ ስለሚዞሩ ሰዎች የፈረንጅ ተከታታይ ፊልም አለ። እንግሊዝኛውን የምትተረጉምልኝ ልጃቸው ብርሃኔ ናት።

ፊልሙን አልወደውም። ሁሉም በቢጃማ ነው ሥራ የሚውሉት። ድስት የሚባል ነገር የላቸውም፤ ክኒን ውጠው ጠገብን ይላሉ። ያን ሁሉ ሰማይ ሲያቋርጡ አንድ እንኳ የሚያማትብ የለም።

«እማማ ወለቴ፣ ወደፊት የሚሆነውን እኮ ነው የሚያሳየው» ትለኛለች ብርሃኔ።

«ወደፊት እንዲህ ከሆነ እኔ እዚሁ ኮልፌ ልቅር» አልኳት።

ደበላ ሳቀብኝ። «እርስዎማ እዚያ መርከብ ላይ ቢሳፈሩ፣ ገና ጦር ኃይሎች ሳይደርስ ወራጅ አለ ይላሉ!»

ከሁሉ የጠላሁባቸው ሰው ሲሞትባቸው ነው። አለቃቸው አንድ ቃል ይናገርና መንገዱን ይቀጥላል። ድንኳን የለ፣ ደረት የሚመታ የለ። ማክሰኞ ደግሞ የመናፍስት ፊልም አለ። እዚያ ፊልም ውስጥ የሞተ ልጅ የእናቱን በር አንኳኳ፤ እናትየዋ ጮኻ በመስኮት ዘለለች። ዋጋነሽ በነጠላዋ ተሸፈነች። እኔን ንዴት ያዘኝ። ልጇ ሲያንኳኳ የምትሸሽ እናት የት አገር ተወለደች? እኔ ብሆን «ግባ፣ በልተሃል ወይ» ነው የምለው።

ታዲያ ለምን ታያለሽ ትለኝ ይሆናል። እዚያ የሰማይ መርከብ ላይ አንድ ጠይም፣ ሳቂታ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን ከሰዎቹ ተለይቶ ወረደና ጭጋግ ዋጠው።

«የት ሄደ?» አልኩ።

«ጠፋ» አለች ብርሃኔ።

«ምን ዓይነት ጠፋ?»

«ውይ እማማ ወለቴ፣ በቃ ጠፋ! ይፈልጉታል።»

ይፈልጉታል። ስለ አምሐ ይህን ቃል የነገረኝ ሰው የለም። እሱን ይዤ ሐሙስን ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ባለፈው ሐሙስ ሰዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ቆሙ። መካከላቸው ረጅም ሳጥን ነበረ፤ ውስጡ ሰው የለበትም፣ የልጁ ልብስ ብቻ ታጥፎ ተቀምጧል። አንዲት አሮጊት እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። «ምን አሉ?» ብዬ ብርሃኔን ጠየቅኋት። እናቷን አየች። ከዚያ «ልጁ ተገኘ፤ ደስ ብሏቸው ስጦታ እየላኩለት ነው» አለች። ደበላ ብድግ ብሎ ቴሌቪዥኑን ዘጋው። «ጋለ፣ ትንሽ ይረፍ» አለ።

እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ለቅሶ ግን አውቃለሁ። ልጅቷን አልተቆጣሁም። «ተመስገን፣ ተገኘ» ብዬ ጉንጯን ሳምኳት፤ ጉንጯ እርጥብ ነበር። ዋጋነሽ ክንዴን ደግፋ እስከ ቤቴ ሸኘችኝ። ፊልም አይቶ የሚወጣን ሰው እንዲህ አይሸኙም፣ ደመቀ። መንደሩ ሁሉ እርሙን አውጥቶ ኖሯል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ስማኝ። ወንድምህን መልሰህ አትላክብኝ፤ መርዶ ከሰው አፍ አልቀበልም። አምሐ ብለህ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ፤ ያንንም ቃል አንተው መጥተህ ንገረኝ። ድንኳኑን ደበላ ይተክላል። አልቅሰን ስንጨርስ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ፤ አልይዝህም። ግን ብቻዬን አታስቀምጠኝ።

መድኃኔዓለም መንገድህን ያቅናልህ። የአባይ በረሃ ሙቀት አያታልልህ፤ እዚህ የኅዳር ብርድ ነው፣ ጋቢህን ያዝ። አዳርህን ዘመድ ቤት አድርገህ፣ እንደ ወጉ ሊነጋጋ ሲል ና። እኔም እንዳልሰማ ሰው ተኝቼ እጠብቅሃለሁ።

ወለተጻድቅ