ባሕሩ የሚመለስበት አሸዋ

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ብርዱ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? የምታሳድጊያቸው የፈረንጆቹ ልጆችስ ደኅና ናቸው? እኔና አክስቴ በለጠች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

እማዬ፣ ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎችሽ ክፍሉ ለምን አይጽፍልኝም ብለሻል። አክስቴ ትምህርት በዝቶበት ነው በያት ስላለችኝ እንደዚያ እያልኩ ቆየሁ። ውሸት ነው። ወንድሜ ከጥቅምት ጀምሮ ቤት የለም።

መስከረም ላይ ስለ ዌልስ ባሕር ዳር ጽፈሽልን ነበር፤ ፈረንጆቹ ለእረፍት ስለሚሄዱበት ቤት፣ ከደጃፉ ስለሚጀምረው አሸዋ፣ ባሕሩ ጠዋት ርቆ ሄዶ ከሰዓት ስለ መመለሱ። ደብዳቤው ሲደርሰን የውትድርና አፈሳ ስለነበር ክፍሉ ስምንት ቀን ከቤት አልወጣም። ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ሳቀና የእነሱ ባሕር ጨዋ ነው፣ የኛ ወንዝ ደቻቱ ግን ዓመት ሙሉ ደርቆ ከርሞ አንድ ቀን ሲመጣ ሰው ይዞ ነው የሚሄደው አለኝ። ድንጋይ የሌለበት አሸዋ ላይ ኳስ መጫወት እንዴት ደስ እንደሚል አስቢው አለ። ለሦስተኛ ጊዜ አንብቢልኝ ሲለኝ ልብስ እያጠብኩ ስለነበር ተናደድኩ። እንደ ሴት ቤት ከምትውል፣ አሸዋ ካማረህ ደቻቱ አለልህ አልኩት።

ጫማውን አድርጎ ወጣ። ደረቁ ወንዝ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲጫወቱ አፋሾቹ ከሁለቱም ዳር ከበቧቸው። መጋላ ሰፈር ያለችው ጓደኛዬ ቱሪያ ከደጃቸው ሆና አይታ ነገረችኝ።

ታኅሣሥ ላይ ከወታደር ማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈልን። ለእማዬ አትንገሯት፣ ስመለስ ራሴ እነግራታለሁ ይላል። እኔን በስሜ ሰላም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰሜን ሄዱ ሲባል ብቻ ሰማን።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከቱሪያ ጋር እደሪ ብላ ሁለት ቀን መጋላ ላከችኝ። ስመለስ ድምፅዋ ዘግቶ ነበር። ጉንፋን ነው አለችኝ፣ በዚህ ሙቀት።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። ማንበብ ስለማትችል ምን እንደጻፍኩ አታውቅም። አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ ብላኛለች። እዚያ አገር የምታውቂው የኛ ሰው ካለ፣ በዕድሜ ጠና ያለ ቢሆን ይሻላል፣ ስሙንና አድራሻውን ቶሎ ላኪልን። ደብዳቤ ልታጽፍለት ትፈልጋለች። እኔ ልጻፈው ስላት፣ አይ፣ ይሄን ሌላ ሰው ይጽፈዋል አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ያን ቀን ያልኩትን ይቅር በይኝ። ማርያም ባለሽበት ትጠብቅሽ፣ ብቻሽንም አትተውሽ።

ልጅሽ