ለራሕማ ዥዋዥዌ

ቅዳሜ

ዛፏን ሊነቅሏት ነው። ማዳም ዛሬ ወሰነች። እነሱ ሲድራ ይሏታል፣ እኛ አገር ቁርቁራ ናት። ቅጠል ታረግፋለች፣ አቧራ ትይዛለች፣ ለዘመናዊ ሐዲቃ፣ ለአትክልት ቦታ ማለታቸው ነው፣ አትሆንም ተባለ። ጠራጊዋ እኔ፣ የተማረረችው ማዳም።

የአትክልት ቦታውን የምትነድፈው ሙሐንዲሳ መጥታ ነበር። ወጣት ናት። ነጭ ጫማዋን አቧራ እንዳይነካባት እየተጠነቀቀች ግቢውን ስትዞር አረፈደች። "ለቤተሰቡ ሁሉ የሚሆን" እያለች አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ባባ፣ የማዳም ባል፣ ከወንድ እንግዶቹ ጋር የሚቀመጥበት ጥላ ፈለገ። ልጃቸው ናስር የኳስ ሜዳ። ትንሿ ዳና መዝለያ። ማዳም ውሃ የማይጠጣ ሣር አለች፣ ፕላስቲኩን ማለቷ ነው። እኔንም ጠየቀችኝ፤ የውሃ ጎማው የት ቢሆን ይመችሻል ብላ። ነገርኳት።

ሻይ ሳቀርብላት ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ኮምቦልቻ ቤት አሠርቻለሁ፣ ግቢው ግን ባዶ ድንጋይ ነው፣ ለእኔም ንደፊልኝ አልኳት። የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። የግቢውን ፎቶ ተቀበለችኝና ቤተሰቡ እነማን ናቸው አለች። እናቴ፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ከፍ ያለ መቀመጫ። እህቴ፣ ሎሚና ጎመን መትከያ። ልጄ ራሕማ፣ ዥዋዥዌ። ጥያት ስወጣ ዥዋዥዌ እሠራልሻለሁ ብያት ነበር።

"ቁመቷ ምን ያህል ነው?" አለችኝ፣ ለገመዱ።

እጄ በራሱ ሄዶ ወገቤ ጋ ቆመ። ራሕማ እኮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። አውቃለሁ። ግን በስልክ የማየው ፊቷን ብቻ ነው፣ እጄ የሚያውቀው ደግሞ ያቺን የተውኳትን ልጅ ነው። መልሼ ከፍ ለማድረግ አፈርኩና እዚያው ተውኩት። እሷም መዘገበችው።

ማክሰኞ

ንድፉ ስልኬ ላይ መጣ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ደጋግሜ አየሁት። ከፍ ባለው መቀመጫ ላይ አንዲት አሮጊት፣ ሎሚው ሥር ጎንበስ ያለች ሴት፣ ዥዋዥዌው ላይ ፀጉሯ የሚበር ትንሽ ልጅ። እንዴት ያምራል! ወዲያው ለሁሉም ላኩት። ከፍተውታል፣ ይታያል። መልስ ግን የለም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።

ዛፏ ዛሬ ተነቀለች። በሰንሰለት አስረው በመኪና ጎተቷት። አገር ቤት ስደውል የምቀመጠው እሷ ሥር ነበር። ከረገፈው ፍሬ እፍኝ ያህል ለቅሜ ሻንጣዬ ውስጥ ደበቅኩ። ለኮምቦልቻው ግቢ ይሆናል።

ዓርብ

እናቴ ደወለች። ንድፉን አመሰገነች፣ ደግማ አመሰገነች፣ ከዚያ "ልጄ፣ ለጊዜው ምንም እንዳይተከል፤ ግቢው ይፈለጋል" አለች። ለምን አልኳት። እህቴ ከኋላ ንገሪያት ስትላት ሰማሁ።

ዳስ ሊጣልበት ነው። ራሕማ ታጭታለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ኒካሑ ከረመዳን ቀጥሎ ላለው ወር፣ ለሸዋል፣ ተቆርጧል። አብዱ ይባላል፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው፣ ደግ ልጅ ነው አሉ። እሷም ወዳዋለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ለወለድኳት ለእኔ ብቻ አልተነገረም። እንዳትጨነቂ ብለን ነው አለች እናቴ። አልጨነቅማ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ።

ራሕማን አቅርቡልኝ አልኩ። ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ ሙሉዋን አሳዩኝ አልኩ። በሩ ላይ ቆመች። ራሷ የላይኛውን መቃን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። አቋቋሟ ቁርጥ እናቴን።

"ከድጃ፣ ዥዋዥዌው ለማን ነው?" አለችኝ።

እናቴን እማ ትላለች፣ እኔን በስሜ። ሁሌም እንዲሁ ነው፣ ዛሬ ግን አመመኝ። ለምትወልጃቸው ነው ብዬ ቀለድኩ። አፍራ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፣ ለሚያለቅስ ሰው ሽንኩርት ጥሩ ሰበብ ነው።

እሑድ

ማዳምን ኢጃዛ ጠየቅኳት፣ አገር ቤት መሄጃ ፈቃድ፣ ለልጄ ሠርግ ብዬ። መብሩክ አለችና አቀፈችኝ። ከዚያ ሐዲቃው ይለቅ፣ ለዒድ ዘመድ ሁሉ እዚህ ነው የሚሰበሰበው፣ ያላንቺ እንዴት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ኢንሻአላህ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ያመመኝ ጊዜ ሾርባ በእጇ ሠርታ ሰጥታኛለች። ግን ይቺን ኢንሻአላህ አውቃታለሁ። አባቴ የሞተ ጊዜም ሰምቻታለሁ።

የዛሬ ሥራ፦ ለግንበኞቹ ምሳ፣ የመስኮቶቹን አቧራ፣ የናስርን ዩኒፎርም መተኮስ፣ አለማልቀስ። የመጨረሻው አልሆነልኝም።

ረቡዕ

ፕላስቲኩ ሣር ተነጠፈ። ሲያዩት ያምራል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ይፋጃል። ዳና በባዶ እግሯ ሮጣበት፣ ተቃጥላ፣ "ከዲ፣ ከዲ" እያለች መጥታ ተጠመጠመችብኝ። ራሷ ወገቤ ጋ ደረሰ፣ እዚያው እጄን ያቆምኩበት ቦታ። ሳባብላት እኔው አለቀስኩ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየችኝ።

ከሰዓት በኋላ ከራሕማ የድምፅ መልእክት መጣ። ከዚህ በፊት ልካልኝ አታውቅም፣ እናቴ ናት የምትልከው። "ንድፉን ለአብዱ አሳየሁት። እማ መቀመጫዋ ላይ አለች። አክስቴም አለች። እኔም በዥዋዥዌዬ አለሁ። ከድጃ፣ አንቺ የት ነሽ? ፈልገን አጣንሽ።"

ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው፣ የለሁም። ሙሐንዲሳዋ ምን ታድርግ፣ ያልኳትን ነው የሣለችው። ቤተሰቡ እነማን ናቸው ስትለኝ ራሴን አልቆጠርኩም። ከራስ በላይ ንፋስ የሚባለው ለሌላ ሰው ነው መሰለኝ። 

ኀሙስ

ማዳም ዘንድ ገባሁ። "የልጄ ሠርግ ነው፤ እሄዳለሁ" አልኳት። ብትፈቅጂልኝ አላልኩም።  ማዳም በመስኮት ሐዲቃውን አየችና ሠርጉ መቼ ነው አለችኝ። እሺ አላለችም። ፓስፖርቴም እሷ ጋ ነው። ግን ኢጃዛ በጠየቅኳት ቁጥር ቀን ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ለሙሐንዲሳዋ ጻፍኩላት፤ አንድ ሰው ረስቻለሁ፣ ዥዋዥዌውን አውጪና እሷን አስገቢልኝ፣ ራሕማንም ትልቅ አድርጊልኝ ብዬ። ቶሎ መለሰች፤ የረሳሻት ሴት ቁመቷ ምን ያህል ነው ብላ።

የግንበኞቹን ሜትር ተዋስኩ። ከኩሽናው በር ጋ ጀርባዬን አስደግፌ፣ በራሴ ልክ በሩ ላይ በእርሳስ ጭሬ ለካሁ። የእኔ ራስ ከላይኛው መቃን ሩቅ ነው፣ ከራሕማ አንሳለሁ። በዚህ እንኳ ደስ አለኝ።

ልኬን ለሙሐንዲሳዋ ልልክ ስል ንድፉ ላይ የእኔን ቦታ ማን ይምረጥ የሚለው መጣብኝ። ለራሕማ ድምፅ ላኩላት፤ የት ብቀመጥ ደስ ይልሻል ብዬ። እስካሁን አልከፈተችውም።