ማርያም የሳመቻት ጉንጭ

ኮልፌ፣ ማክሰኞ ኅዳር ፲፩

የባለቤቴን የብርቄን ፊት ከቀረጽኩበት እንጨት ላይ ዛሬ የመጀመሪያውን ወረቀት አተምኩ። ማርያም የሳመቻት ምልክት ከግራ ጉንጯ ወደ ቀኝ ዞሮ ወጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ስቀርጽ ኖሬ፣ ገልብጬ መሳል ረሳሁ። ሐኪሞቹ «ቤቷ ትሁን» ብለው ከሸኙን ወዲህ ልቤ አብሮኝ የለም። ሌላ እንዳልቀርጽ፣ እስክጨርስ የምትቆይልኝ አይመስለኝም።

ልደብቀው ስል አየችው።

«አምጣው እስቲ! ቁርጥ እኔን!»

«ምልክትሽ ዞሯል እኮ።»

«መስታወት ውስጥ እዚሁ ነው። አንተ ሰውዬ፣ መስታወት አይተህ አታውቅም?» ሳቀች፤ ሳል አቋረጣት።

ወረቀቱን ትራሷ አጠገብ አኖረችው። እኔ ግን ያቺን ሴት አላውቃትም። የማውቃት ብርቄ እንጨቱ ላይ ነች። ቀለሙን እንጨቱ ላይ ሳይደርቅ በነጭ ጋዝ መጥረግ ነበረብኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፊቷ ላይ እየደረቀ ነው።