ከየትኛው ምሰሶ ሥር ልቀመጥ?

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የታራዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እህቴና ልጆቿስ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። ጭንቅላቴን ግን አትጠይቂኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ዞሮብኛል፤ ይህንን ደብዳቤ ራሱ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ።

ደሴታችን ኖኖውቲ እንደምታውቂያት ናት ልልሽ አስቤ ነበር፤ አይደለችም። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ሆኗል፤ የአያቴ የታሮ ማሳ ባሕር ገብቶበት ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። አሮጌውን የመንደሩን መሰብሰቢያ፣ ማኔአባውን፣ ማዕበል ስለወሰደው አዲሱን ጸጥ ወዳለው ባሕር አስጠግተው ሠርተውታል። የመጣሁትም ለእሱ ነው። መቼም እያንዳንዱ ዘር ከሚቀመጥበት በላይ ያለውን ጣራ ራሱ ነው የሚከድነው፤ የአባዬን ድርሻ ታዲያ ማን ይከድንለታል ብዬ ነው። አንቺ ግን «ክዳኑን በጀልባ ላከው፣ አንተን ምን አስኬደህ?» እያልሽ ስትለምኚኝ ነበር። ሳስተሽልኝ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ በሰሜኑ በኩል፣ ከአባዬ ምሰሶ በላይ፣ የፓንዳነስ ቅጠል ስሰፋ ዋልኩ። መንደርተኛው ከሥር ሆኖ «አንተ የከተማ ሰው፣ እንዳትወድቅ! ሬሳ የምንጭንበት አውሮፕላን የለንም» እያለ ይቀልድብኛል። ቦታህ አይደለም ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ማክሰኞ ምረቃው ሆነ። አባዬ ይቀመጥበት በነበረው ምሰሶ ሥር ምንጣፌን ዘርግቼ ተቀመጥኩ፤ ተራዬ ሲደርስም እንደ ደንቡ ለሽማግሌዎቹ ሰላምታ አቀረብኩ። ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሁሉን ዘር በቃላቸው የሚቆጥሩት ባውሮ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ቀና አሉና «ይሄ የቲያኦን ቤት ድምፅ ነው። ሰሜን ምን ይሠራል? ቦታው በውቅያኖሱ በኩል አይደለም እንዴ?» አሉ።

ሳቅ ሆነ። አንዱ «ባውሮ ዛሬስ የኮኮናቱ መጠጥ በዝቶባቸዋል» አለ። እኔም ሳቅኩ። ዞር ስል የአባዬ ታናሽ፣ አጎቴ ቤኒያሚና፣ አይስቅም፤ ምንጣፉን ያያል። በውቅያኖሱ በኩል ደግሞ ቲያኦን የሚባሉት ሽማግሌ ቀስ ብለው ፈቀቅ አሉ። እማዬ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቁ! ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ። እኔስ ምን አደረግኩ? ልነሳ ብል ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ልቀመጥ ብል አፈርኩ። «ሽንቴ መጣ» ብዬ ወጣሁ። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ያልኩት ይህንን ነው።

ከሰዓት በኋላ አጎቴን ያዝኩት። መረቡን እየጠገነ «ወንድሜ ከቲያኦን ጋር በአንድ ታንኳ ወጥቶ አያውቅም። አንተን ግን ገና ሳትራመድ ጀምሮ በታንኳው ይዞህ ይዞር ነበር። ከዚህ ሌላ እኔን አትጠይቀኝ፤ የምትጠይቀው ሰው አለህ» አለኝ። «ማንን?» ስለው «በል ሂድ፣ አታድርቀኝ» ብሎ አባረረኝ።

ቅዳሜ የየሰዉ ቦታ ይጸድቃል። ሰው የተቀመጠበት ዘሩ ነው፤ መሬቱም የመናገር ተራውም ከዚያው ይቆጠራል፣ ልጆቼም ነገ ከኋላዬ ነው የሚቀመጡት። ከአባዬ ምሰሶ ሥር ተቀምጬ ባውሮ ደግመው ቢናገሩ በሕዝብ ፊት እጄን ይዘው ሊያስነሱኝ ነው። ራሴ ተነስቼ ብሄድ ደግሞ ያንን ደግ ሰው፣ ዛፍ መውጣት ያስተማረኝን ሰው፣ በሞተ በአሥራ አንድ ዓመቱ መካድ ይሆንብኛል። ምን ይሻለኛል? ደብዳቤዬን የምትይዘው ነርስ ነገ ነው የምትበረው፤ መልስሽ ከቅዳሜ በፊት አይደርስልኝም። እንኳን አልደረሰ እላለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ እናደዳለሁ። በማን እንደምናደድ እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ቲያኦን መጡ። ደጃፌ ላይ ተቀመጡና፣ እናትህ ስትናደድ አሁንም ባሕር ዳር ወርዳ ድንጋይ ትወረውራለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? ይህን ሁሉ ዘመን ልጅሽ ሆኜ አንድም ቀን ድንጋይ ስትወረውሪ አላየሁም። «ኧረ አትወረውርም» አልኳቸው። «ጎሽ፣ ወጥቶላታል ማለት ነው» አሉና ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። ከኋላቸው ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

ወንድ ልጅ የላቸውም አሉ። በእሳቸው በኩል ያለው ጣራ እስካሁን ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከነምንጣፋቸው ይበሰብሳሉ። እኔ ዘንድ አሥራ ዘጠኝ ክዳን ተርፎ ነበር። ከቀትር በኋላ ተሸክሜ ወጣሁና ሰፋሁላቸው። መንደሩ ሁሉ ከሥር ቆሞ ያየኛል፤ የቀለደብኝ ግን የለም።

ቅዳሜ ከአባዬ ምሰሶ ሥር ነው የምቀመጠው። ማስነሳት የፈለገ ያስነሳኝ።

እማዬ፣ እንዳታለቅሺብኝ። አልተቀየምኩሽም፤ ግራ ነው የገባኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ምርቃትሽ ከእኔ አይራቅ።

ሌላው ቢያጠራጥር፣ የአንቺ ለመሆኑ የማያጠራጥረው

ልጅሽ