ከማገዶ የተረፉት ሦስት እንጨቶች፦ የአቶ ኢታና ገመዳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኢታና ገመዳ ከአባታቸው ከአቶ ገመዳ ዋቅጅራና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጫልቱ ነገሳ በእንጦጦ ተራራ ሥር በሰኔ ወር 1917 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው «የገብስ ዘር ሰሞን ነው» ከማለት በቀር ቀኑን ስላልነገሩን ይቅር በሉን።

ፊደልና ዳዊት ከየኔታ ተምረው፣ በዘመናዊው ትምህርት እስከ አምስተኛ ክፍል ደረሱ። በ1941 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው አርባ ዓመት ሲያሽከረክሩ የገጩት አንዲት ዶሮ ብቻ ናት፤ እሷንም ተክተዋል። በ1945 ዓ.ም. ከወ/ሮ በለጡ ዓለሙ ጋር ተጋብተው ኮተቤ ጎጆ ወጡ፤ ፀሐዬንና ወርቅአየሁንም ወለዱ። ለመንገድ በተነሡ ቁጥር ወ/ሮ በለጡ «ፍሬኑን አይተዋል?» እያሉ እስከ በር ይከተሏቸው ነበር።

በ1977 ዓ.ም.፣ በድርቁ ጊዜ፣ የእርዳታ እህል ጭነው ጋሞ ጎፋ ወረዱ። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞባቸው ሲቸገሩ አንዲት እናት የተቀቀለ የካሳቫ ሥር አበሏቸው። ዝናብ ቢቀር እንኳ ሥሩን መሬት ውስጥ ይዞ የሚጠብቅ ተክል መሆኑ አስደነቃቸው። ሴትዮዋም የሚተከለውን ግንዱን ቆራርጠው አንድ እስር ሰጧቸውና «ሲያፈራልህ አንተም ለሰው ስጥ፤ አደራ» አሏቸው።

አቶ ኢታና እስሩን ኮተቤ አምጥተው ማድቤት ጥግ አቆሙትና ወደ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ወ/ሮ በለጡ ማገዶ መስሏቸው የባቄላ ንፍሮ ቀቀሉበት። ማገዶ የጠፋበት ጊዜ ነበርና ማን ይፈርዳል! ጭሱ ግን ዐይን የሚያጠፋ ነበር። አቶ ኢታና ሲመለሱ የቀሩት ሦስት እንጨቶች ብቻ ነበሩ።

«በለጤ፣ የሰው አደራ እኮ ነው ያነደድሽው!»

«የፀሐዬ አባት፣ እንጨት ማድቤት አስገብተው ምን እንዳደርገው ነበር?»

አቶ ኢታና ንፍሮውን ቀመስ አደረጉና «ደግነቱ በስሏል» ብለው ሳቁ።

ሦስቱን፣ ቡቃያ የሚወጣበትን ዓይን ወደ ላይ አድርገው፣ እሳቱ ከውስጥ በሚያሞቀው የማድቤት ግድግዳ ሥር ተከሉ። ኮተቤ ግን እንደ ጋሞ ጎፋ ቆላ አይደለም፤ በኅዳር ከእንጦጦ የወረደው ውርጭ ቅጠሉን ጠበሰው፤ አንዱም ደረቀ። ሁለቱን ፀሐይ ስትጠልቅ ጆንያ እያለበሱ፣ ጠዋት እየገለጡ፣ ክረምት ውሃ እንዳይተኛባቸው ቦይ እየቀደዱ አቆዩአቸው። እሳቸው መንገድ ሲወጡ ወ/ሮ በለጡ ያለብሳሉ፤ ጥፋቱ የማን ሆነና! የዕድሩ ዳኛ አቶ ከበበ «ጋሼ ኢታና፣ እኛ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት እየተጓተትን፣ የእርስዎ እንጨት ለብቻው ይለብሳል!» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ በ1980 ዓ.ም.፣ ሥሩ ተቆፈረ። ካሳቫ በጥሬው መርዝ እንዳለው የሰሙት ወ/ሮ በለጡ የልጅ ልጆቻቸውን ከጓሮ አባረሩ። ልጠው፣ ቆራርጠው፣ ውሃውን እየለወጡ ሦስት ቀን ዘፈዘፉት፤ ደኅና አድርገውም ቀቀሉት። አቶ ኢታና «እኔ ልቅደም፤ እስከ ማታ ካልሞትኩ ለልጆቹ ስጪ» ብለው በሉ። ወ/ሮ በለጡ ፊት ፊታቸውን ሲያዩ ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ ኢታናን እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርጋቸው፣ የሞቱ መስሏቸው ኡኡ ብለው ጎረቤት ጠሩ። አቶ ኢታና ነቅተው ቤቱ ሰው ሞልቶ ቢያዩ «ከመጣችሁማ ብሉ!» አሏቸው። ሰፈሩም በላ።

በ1981 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ተክሉን ሲያበዙ ከረሙ። ዘንድሮ ዝናቡ ሲገባ ለዕድርተኛው ሊያድሉ ግንዱን ቆርጠው ካሰሩ በኋላ የልብ ሕመም ጣላቸው። ከአልጋ ሆነውም «በለጤ፣ እንጨቶቹን አደራ፤ እንዳታነጃቸው» አሉ። «አሁንም አልረሱልኝም?» ቢሏቸው ሳቁ። ሰኔ 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በስድሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ከቀብር መልስ በድንኳኑ በር የቆሙትን እስሮች ታያላችሁ። ማገዶ አይደሉም። እየመዘዛችሁ ወደየቤታችሁ ውሰዱ፤ የአቶ ኢታና አደራ ነው። እባካችሁ፣ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ታች ይሁን። ቅጠሉን በግ አያግኘው። ሥሩንም ሳትዘፈዝፉና በደንብ ሳትቀቅሉ ለልጅ እንዳትሰጡ።

ለሁለት እንጨት ብርድ የራሩትን እኚህን ሰው፣ ፈጣሪ ውርጭ በማይደርስበት ለምለም ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።