ወድቆ የማያውቀው ቴስቴ

ወንድሜ፣

በሩን ስትዘጋ ወደ ላይ ሳብ አድርገው፤ ማጠፊያው ላልቷል። ድመቷ በልታለች፣ ብትጮህም አትመናት።

የክሊኒኩን ዳታቤዝ የሚፈትሹ፣ ስህተት ሲያገኙ የሚወድቁ አራት መቶ ቴስቶች በሦስት ቀን እንደጻፍኩ ያልነገርኩት ሰው የለም፤ እንደኔ ያለ ፕሮግራመር በመቶ ዓመት አንዴ ቢወለድ ነው! አንተ ግን «ጋሼ፣ እስቲ ኮዱን ሆን ብለህ አበላሸውና ቴስቱ ሲወድቅ እየው» አልከኝ። «እኔ የጻፍኩት ሊወድቅ?» ብዬ ሳቅኩብህ።

ትናንት አበላሸሁት።
አልወደቀም።

«አለርጂ ያልተሞላበት መዝገብ አይቀመጥ» የሚለው ቴስት የዳታቤዙን መልስ ሳይጠብቅ ነበር የሚያልፈው። ለካ «አልፏል» የሚለውን አረንጓዴ እያበራ ምንም አይፈትሽም ነበር።

ያቺ ታካሚ የማይስማማት መድኃኒት የተሰጣት፣ አንተም የተባረርከው፣ በዚያ ባዶ መዝገብ ምክንያት ነው። አለቃችን «ቴስቱ አልፏል፣ ስህተቱ መዝገቡን የሞላው ልጅ ነው» ሲል አጠገቡ ቆሜ ነበር። እኔ፣ ወሬ የማያልቅብኝ ሰውዬ፣ አንዲት ቃል ጠፋችኝ።

አሁን ልነግረው ሄጃለሁ። ከዚያ እህታችን ጋ አድራለሁ፤ አትጠብቀኝ።

የተባረርክ ዕለት ዕቃህን በካርቶን ይዘህ ገብተህ፣ ፊቴ ጠቁሮ ስታየኝ «አይዞህ ጋሼ፣ ያንተ ቴስቶችማ አላሳፈሩህም» አልከኝ። ከቤት ያስወጣኝ ያ ቃልህ ነው።