ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ትናንት ከላቦራቶሪ የወጣሁት በሙከራ ቺፑ ውስጥ ፈሳሽ የሚገፋውን ፓምፕ ፍጥነት ቀንሼ ነበር። ዛሬ ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ፀጉር በሚያክለው የቺፑ ቦይ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ግድግዳው ላይ ተጣብቀው ዝልግልግ ሽፋን ሠርተዋል። ፈሳሹ ዝግ ሲልላቸው ጊዜ አገኙ። አለቃዬ ሙከራው ሰመረ ብላ ደስ አላት። እኔ ያሰብኩት የአባዬን የሽንት ቱቦ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ በፔንደልቶግ፣ በከተማ ዳሩ ባቡር፣ ዮርድብሩ አባዬ ቤት ሄድኩ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሽንት ጥቂት ነው፣ ደግሞም ደፍርሷል።

«አባዬ፣ ውሃ ይጠጡ እንጂ!»

«በጾም? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ?»

«የንስሐ አባትዎ ለበሽተኛ ይፈቅዳሉ እኮ።»

«መታመሜን ማን ነገራቸው?»

ለካ ስለ ቱቦው ትንፍሽ አላሉም፤ አፍረው ነው። ነርሷ ነገ ትመጣለች፤ እሷም የምትለው ያንኑ ነው፣ ብዙ ይጠጡ። የቄሱ ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። ብደውል አባዬ ዓይኔን አያዩም፤ ባልደውል ደግሞ... ውሃ ቀድቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ላቦራቶሪ ስመለስ፣ ሙከራው ሳያልቅ፣ ፓምፑን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። ውሃው በቦዩ ውስጥ ተንደረደረ።

ሽፋኑ ንቅንቅ አላለም።